የዶሮ ደም ሲለካ፦ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ቲሊሊ የምትባል ከተማ አለች። ቲሊሊ የዶሮም ስም ነው። ተመራማሪዋ ሐሊማ ሐሰን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን የሐበሻ ዶሮዎች ሲያጠኑ ሰባት ዓይነት ለይተው በየተገኙበት አካባቢ ስም ጠሯቸው፤ ቲሊሊና ጓንጓ የአዊ ናቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። የላባ ቀለም ታየ፣ ክብደት ተመዘነ።

ላባና ሚዛን ግን ስለ ጤና ብዙ አይናገሩም። ዶሮ ደግሞ በሽታዋን ደባቂ ናት። ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋ ካያችኋት ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች ወደ ደሟ የዞሩት፤ ከክንፏ ሥር ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

መቁጠሩ ነው ያስቸገረው። ለምን መሰላችሁ? የእኛ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፣ የዶሮ ግን አለው። ለሰው ደም የተሠራ መቁጠሪያ ማሽን የዶሮን ቀዩን ከነጩ ያምታታል። እ.ኤ.አ. በ1952 ናት እና ሄሪክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዶሮ ደም የሚሆን ማቅለሚያ ፈሳሽ አዘጋጁና ነጮቹን በማይክሮስኮፕ ለይቶ መቁጠር ቀለለ። በ1983 ደግሞ ግሮስ እና ሲግል ከሁለት ነጭ ሕዋሳት ንጽጽር ጭንቀትን መለካት እንደሚቻል አሳዩ። ዶሮ ስትራብ ወይም ስትጨናነቅ ሄተሮፊል የሚባለው ይበዛል፣ ሊምፎሳይት ይቀንሳል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን የአንዷ ዝርያ ቁጥር ለሌላዋ ይሠራል?

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ወንድምነህ እሳቱ ከሆላንድ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው፣ እዚህ ላይ ይመጣል። አራት ዓይነት ዶሮ አነጻጸሩ፦ የሐበሻ፣ የተሻሻለች የሐበሻ፣ የፈረንጅና ክልስ። በ20፣ 26፣ 35 እና 45 ሳምንታቸው ደም ወስደው አንቲቦዲ ለኩ። አንቲቦዲ ሰውነት በሽታ አምጪን የሚይዝበት ፕሮቲን ነው። መፈተኛው የአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ፕሮቲን ነበር። የእኛ ዶሮ ባሕር የት አይታ! የተፈለገውም ይኸው ነው፤ ያላገኛትን ነገር የሚይዝ፣ አብሯት የተወለደ መከላከያ አላት ወይ የሚለውን ማወቅ።

የሐበሻዋ ዶሮ በሁሉም ዕድሜ በለጠች። ታዲያ ጤነኛዋ እሷ ናት ትላላችሁ። የሞቱትን ሲያሰሉ ግን በቤት ተዘግተው ከረቡት የሐበሻ ዶሮዎች መካከል አንቲቦዲያቸው ከፍ ያለው ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? በእኔ ግምት ጓሮ ስትጭር ለኖረች ዶሮ የሚጠቅም መከላከያ፣ በዝግ ቤት ጉልበት የሚበላ ሸክም ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ አንቲቦዲ ያላትን ብቻ መርጦ የሚያረባ ሰው ሳያውቀው ቶሎ የምትሞተዋን ሊመርጥ ይችላል።

የቲሊሊም ነገር እንዲሁ ነው። እንጅባራ ደጋ ናት፣ 2,500 ሜትር ገደማ። አየሩ ሲሳሳ የቀይ ሕዋስ ድርሻ ከፍ ይላል፤ አውራ ዶሮም በዚህ ከእንስቷ ይበልጣል። ቆላ ላይ በፈረንጅ ዶሮ የተሠራ ሰንጠረዥ ይዞ ቲሊሊ የሚሄድ ሰው ደህናዋን ዶሮ ታማለች፣ የታመመችውን ደህና ናት ሊል ይችላል።