ስለ ትውልድ ቈጠራ በሐይቅና በአምባሰል

በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው የቅድመ አያቱን ታሪክ ለማወቅ ሲፈልግ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። በዚያ አገር ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሟቾች ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የሞቱበት ምክንያት በመንግሥት መዝገብ ሲጻፍ ስለ ኖረ፣ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሕዝብ ቈጠራው በየቤቱ ያደሩትን ሰዎች በስም ስለ መዘገበ፣ ፈላጊው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየተሻገረ አባቶቹን ያገኛቸዋል። የሐይቅ ወይም የአምባሰል ተወላጅስ ይህን ሲሻ ወዴት ይሂድ? ይህ ጽሑፋችን ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያህል የተሰናዳ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መንግሥት መዝገብ እንናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፉ ደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ሕግ በቍጥር 3361 የመዝገቡን ሥራ ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ አቈየው፤ በዚህም ሁኔታ ብዙ ዘመን አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ቈጠራም በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ ሆኖም ታትሞ የወጣው የሕዝቡ ድምር ነው እንጂ የየሰው ስም አይደለም። እንግዲህ አያቱ ቀደም ባለው ዘመን በገጠር ያረፉበት ሰው የሞት የምስክር ወረቀት ቢፈልግ አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም ማለት ነው።

በአካባቢው ጽሑፍ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የቆየው ወንጌል ለገዳሙ ስለ ተሰጡት መጻሕፍትና ንብረት የሚናገር ማስታወሻ ይዟል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም ከ1240 እስከ 1527 ዓ.ም. ድረስ የነበሩትን የገዳሙን አበምኔቶች ተራ አጥንተው በ1962 ዓ.ም. ለማሳተም የቻሉት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው። እንደዚሁም የአምባሰል ባላባቶች ጃንጥራር እየተባሉ ሲጠሩ ስለ ኖሩ ዘራቸው የታወቀ ነው፤ እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ በእናታቸውም በወይዘሮ ስሂን በኩል የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። ነገር ግን የአራሹ፣ የሸማኔውና የነጋዴው አባት ስም ያደረው በሰው አፍ ነው።

ይህም የአፍ መዝገብ የሚናቅ አይደለም። ክርስቲያኑ ዘመዱን እንዳያገባ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራል። ከዚህም ይልቅ ሰውን ትውልድ እንዲያጠና ያስገደደው ርስት ነበር፤ በርስት አገር ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ያላስረዳ ሰው ድርሻ አያገኝም ነበርና። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 31 የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ ትውልድን በቃል ለማጥናት የሚያስገድደው ዋናው ምክንያትም አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ከአያታችን አልፈን መቍጠር የሚያቅተን በስንፍና ብቻ አይደለም።

ሽማግሌዎቻችን የሞትን ዓመት የሚናገሩት በቍጥር ሳይሆን በሆነው ነገር ነው። «በክፉ ቀን ሞተ» ቢሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው፤ «ከሰገሌ ሳይመለስ ቀረ» ቢሉ ጦርነቱ የሆነው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928 ዓ.ም. ነው። ይህን የያዘ ሰው ያለ ምስክር ወረቀት የሞትን ዘመን ለማግኘት ይችላል።

በወሎ ግን ጠያቂው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሥጋ የተዛመዱ ስለሆኑ በአንድ ሐረግ ውስጥ የሁለቱም ስም ይገኛል። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በኩል ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ግማሹን ዘመዱን ትቶ ይመለሳል።

እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት በሐይቅ አጠገብ ከሚኖሩት ከአጎታችን ዘንድ ሄደን ትውልዳችንን ጠየቅን። እርሳቸውም ሰባት አባቶች ሳያቋርጡ ቈጠሩልን። የእነዚያን አባቶች ሚስቶች ስም ብንጠይቃቸው ግን ከሁለት አላለፉም። ከጓዳ ሆነው ይሰሙ የነበሩት አክስታችን «የወንዱን ብቻ ትጽፋላችሁ፤ ወልዳ ያሳደገችው ማን ሆነችና!» ብለው አራት ጨመሩልን። ሰባተኛዪቱ ሳትገኝ ቀረች።

የእኛስ ቀላል ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በረኀቡ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ የሰፈሩት ሰዎች ልጆች የአያታቸውን አጥቢያ ለማወቅ ቢፈልጉ ተስፋቸው በሕይወት ያለ ሽማግሌ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው የሰባት አባትና የሰባት እናት ስም ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ ሹማምንትም ሞት በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገብ ሕዝቡን ቢያስረዱ፣ የልጅ ልጆቻችን እንደ እኛ በግምት አይሄዱም። ሽማግሌ ሲሞት ለቅሶ መድረስን እናውቅበታለን፤ ከመሞቱም በፊት ደብተርና እርሳስ ይዘን ልንደርስለት ይገባናል።