ከሆኽስት እስከ ቻምፓራን፦ የሰማያዊው ቀለም ሒሳብ

ከፍራንክፈርቷ ሆኽስት ተነስቶ ሕንድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው፤ በሳሪው፣ በቅመሙ፣ በሰማያዊው ጨርቅ። ከእነዚህ ሁሉ ሰማያዊው ከትውልድ ሰፈሩ ጋር የቆየ ሒሳብ አለው።

ሆኽስት ላይ የቀለም ፋብሪካ የተቋቋመው በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። በሚያመርተው ቀይ ቀለም የተነሳ ሰዉ «ቀዩ ፋብሪካ» ብሎ ጠራው። ሕንድን የነካው ግን ሰማያዊው ነው። ኢንዲጎ የሚባለው ይህ ሰማያዊ ቀለም ቀድሞ የሚገኘው ከተክል ነበር፦ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይብላላል፣ ውኃው ይመታል፣ ዝቃጩ ደርቆ ይቆረጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ቀለሙን በቤተ ሙከራ ሠራ፤ ሌላው የጀርመን ኩባንያ ባስፍ በ1897፣ ሆኽስት በ1901 ለገበያ አቀረቡት። የተክሉ ኢንዲጎ ዋጋ ወደቀ።

ጉዳቱ የወረደው በሕንድ ቢሃር፣ በቻምፓራን ገበሬ ላይ ነው። «ቲንካቲያ» በተባለው ሥርዓት ከ20 እጅ መሬቱ 3ቱን ለእንግሊዛውያን ባለ እርሻዎች ኢንዲጎ እንዲዘራ ይገደድ ነበር። ገበያው ሲደርቅ ባለ እርሻዎቹ ገበሬውን ከግዴታው ነፃ ለማውጣት ኪራይ ጨመሩበት፤ ኪሳራቸውን በድሃው ጫንቃ ላይ ጣሉት ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቀለም ሲቋረጥ ደግሞ ተክሉ እንደገና ተፈለገ።

በሚያዝያ 1917 ጋንዲ የገበሬውን በደል ለማጣራት ቻምፓራን ደረሰ፤ ለቀህ ውጣ ሲባልም እምቢ ብሎ በሞቲሃሪ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ። ቲንካቲያ በ1918 በሕግ ተሻረ።