አርባ ዓመት በምዕራብ ሸዋ፦ ሰውነታችን ከ20 እስከ 50 ምን ይሆናል?

«አርባ ዓመት ሞላው» ሲባል ስትሰሙ ምን ይታያችኋል? ቦርጭ? መነጽር? የጉልበት ሕመም? ብዙ ወጣት የሰውን ዕድሜ እንደ ኮረብታ ነው የሚያስበው፤ እስከ 25 ዳገት፣ ከዚያ በኋላ ቁልቁለት። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እስቲ ይህን ሐሳብ ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ እንጓዝ፤ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጌዶን እያልን። የምዕራብ ሸዋ ታሪክ ስለ ጎልማሳ ሰውነት የሚነግረን ብዙ ነገር አለው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜ በስምንት ሲቆጠር

ከሩቁ ጫፍ እንጀምር። አምቦን አልፎ በጌዶ በኩል ኦዳ ቢሲል የሚባል ቦታ አለ። ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው፤ በጥላው ሥር ሕግ ይወጣል፣ ሥልጣን ይተላለፋል። ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነበር። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክም የሕግ አውጪው የመኮ ቢሊ ስም ከዚህ ቦታ ጋር ይነሣል።

ገዳ የሰውን ሕይወት የሚከፍለው በስምንት በስምንት ዓመት ነው። ይህን ከ400 ዓመት በፊት ያስተዋሉ ጸሐፊ ነበሩ። አባ ባሕርይ የተባሉ የቤተ ክህነት ሰው በ1593 ገደማ በግዕዝ በጻፉት አጭር ታሪክ፣ ሥልጣን ከአንዱ ሉባ ወደ ሌላው በየስምንት ዓመቱ እንደሚዞር መዝግበዋል። የእርከኖቹ ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አጠቃላይ ሐሳቡ ግን ተቀራራቢ ነው። ልጁ ከብት ይጠብቃል። በ20ዎቹ ያለው ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ፣ አደኑንና ውጊያውን ይማራል። በ30ዎቹ ለአመራር ይዘጋጃል። ከ40 እስከ 48 ያስተዳድራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይመክራል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ገዳ የሚከተለው ትውልድን ነው። ልጅ ከአባቱ በአምስት እርከን፣ ማለትም በ40 ዓመት ወደኋላ ይገባል። ስለዚህ የእርከኑ ዕድሜና የሰውየው ትክክለኛ ዕድሜ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሥልጣኑም የወንዶች ነበር። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር እንውሰድ፦ በዚህ አገር 40 የማብቂያ ምልክት አልነበረም፤ ከ20 ዓመት ወጣት የሚጠበቀውም ከ45 ዓመት ጎልማሳ አይጠበቅም ነበር።

ታዲያ ዘመናዊ ሳይንስ በዚህ ይስማማል? በአብዛኛው አዎ።

ጎተራው የሚሞላበት ጊዜ

በ20ዎቹ ዕድሜ ቁመት ቆሟል፤ አጥንት ግን ሥራውን አልጨረሰም። አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ በየጊዜው እየፈረሰ እየተሠራ የሚኖር ሕያው አካል ነው። እስከ 20ዎቹ መጨረሻ የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል። 30 ዓመት ገደማ ክምችቱ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በኋላ ገበሬ በክረምት ከጎተራው እንደሚበላ፣ እኛም ካጠራቀምነው መብላት እንጀምራለን። ሴቶች የወር አበባቸው ከሚቋረጥበት ጊዜ (ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት) በኋላ ደግሞ ጎተራው ለጥቂት ዓመታት በፍጥነት ይጎድላል። አያታችሁ ተደናቅፈው ዳሌያቸው ቢሰበር፣ የዚያ ስብራት ታሪክ ከፊሉ የተጻፈው ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ነው ማለት ነው።

ጎተራው በምን ይሞላል? ካልሲየም ባለበት ምግብ፣ እንደ ወተት፣ ጎመንና ጤፍ ባሉት። በፀሐይ ብርሃን፣ ምክንያቱም ቆዳችን በብርሃኑ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጫና። አጥንት የሚጠነክረው ሲዘለልበት፣ ሲሮጥበትና ሸክም ሲነሣበት ነው።

ጡንቻም ተመሳሳይ ጸባይ አለው። የማይሠራበት ሰው ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ ያጣል። በልብና በሳንባ ኦክስጅን የመጠቀም አቅምም ብዙ በማይንቀሳቀስ ሰው ላይ በየ10 ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «ብዙ በማይንቀሳቀስ ሰው ላይ» የሚለውን አስምሩበት፤ ልምምድ ያላቋረጡ ሰዎች የሚያጡት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ከአምቦ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ

የሩጫ ታሪካችን ይህን በደንብ ያሳያል። የአምቦው ልጅ ፊጣ ባይሳ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ ሲያገኝ ገና 19 ዓመቱ ነበር። የጀልዱው ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 በሪዮ በማራቶን ብር ሲወስድ 26 ዓመቱ ነው። ፈይሳን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻው መስመር ላይ እጆቹን አጣምሮ ባሳየው የተቃውሞ ምልክት ነው፤ እኛ ግን ለዛሬ ዕድሜውን እንያዝ።

እነዚህን ሁለቱን ብቻ ያየ ሰው «አላልኳችሁም? ሁሉም ነገር ከ30 በፊት ነው» ሊል ይችላል። እንግዲህ ማሞ ወልዴን እንጨምርበት። ማሞ በ1956 በሜልቦርን የተወዳደረው በ800 እና በ1,500 ሜትር ነበር፤ ያኔ 24 ዓመቱ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ የማራቶን ወርቅ ሲያመጣ 36 ሞልቶታል። በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲያጠልቅ ደግሞ 40 ዓመቱ ነበር! በቅርቡም ቀነኒሳ በቀለ በ2024 የለንደን ማራቶን በ41 ዓመቱ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል።

ምን ተፈጥሮ ነው? ሰውነት አንድ ሰዓት አይደለም፤ በውስጡ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ብዙ ሰዓቶች አሉት። ለቅጽበታዊ ፍጥነት የሚያገለግሉት የጡንቻ ክሮች ቀድመው ይሳሳሉ። ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛው ቁጥርም በየዓመቱ በጥቂቱ ይወርዳል። ጽናት ግን ልምምድ እስካለ ድረስ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጉልበትን ቆጥቦ መሮጥም በልምድ ይዳብራል። የዓይን ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ በ40ዎቹ መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስቸግራል፤ ስልክም በተዘረጋ እጅ መነበብ ይጀምራል። ይህ በሽታ አይደለም፤ መነጽር ይበቃዋል። የሴቶች የመውለድ አቅምም የራሱ ሰዓት አለው፤ ከ30ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መቀነሱ ጎልቶ ይታያል።

ቦርጩስ ከየት መጣ?

«ከ30 በኋላ ሰውነት ምግብ ማቃጠል ስለሚያቆም ነው» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ይህን አይደግፍም። ከ29 አገሮች የተሰበሰበ የ6,400 ሰዎች መረጃ ነው፤ ከ8 ቀን ጨቅላ እስከ 95 ዓመት አዛውንት። የአካል መጠናቸው ታስቦ ሲነጻጸር፣ ሰዎች በቀን የሚያቃጥሉት ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በዕድሜ ላይ ማላከክ አንችልም። አበላላችንንና አዋዋላችንን ማየት ይኖርብናል።

ስለ አዋዋል ካነሣን፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ መኪና ውስጥ ያሉትን ሁለት ሠራተኞች አስቡ፤ ሹፌሩንና ረዳቱን። አንዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ሌላው ሲወርድ ሲወጣ፣ ዕቃ ሲጭን ይውላል። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስ እንዲህ ያሉትን ሁለት ሰዎች ነበር ያነጻጸረው። በ1953 ባሳተመው ጥናት ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ተመለከተ። ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ፣ የልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጠቃው ተቀማጮቹን ሹፌሮች ሆኖ ተገኘ። ሞሪስና ባልደረቦቹ በዚህ አላበቁም። በኋላ የደንብ ልብሶቻቸውን ልክ ቢያዩ፣ ሹፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ ብቻ የመጣ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ግን የእንቅስቃሴን ጥቅም ደግመው ደጋግመው አረጋግጠዋል። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሯል።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። የአያቶቻችሁ ትውልድ ገበያ በእግሩ ወጥቷል፣ አርሷል፣ ውሃ ቀድቷል፣ እህል ተሸክሟል። ይህን አሳምረን ብቻ አንየው፤ ከባድ ሸክም የስንቱን እናት ወገብ ጎድቷል፣ በክትባትና በመድኃኒት እጦት ስንቱ ሕፃን ተቀጥፏል። እንቅስቃሴው ግን ማንም ሳያስበው በየዕለቱ ይደረግ ነበር። ዛሬ አምቦ ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ፣ የቢሮ ወንበር አለ፣ ስልክ አለ። ታሪክ በግድ ያሠራቸውን እናንተ በምርጫ ልትሠሩት ነው።

የሀገረ ሕይወት ውሃ

አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሌላ ስም ነበራት፤ ሀገረ ሕይወት። ስሟ ከፍል ውሃዋ ዝና ጋር ይሄዳል። ሰዎች ለመታጠብና ለመዳን እየተጓዙ ይመጡ ነበር። ጋዝ ያለበት የማዕድን ውሃዋ ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ይሸጣል፤ ዛሬ «አምቦ ውሃ» የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል።

ሞቅ ያለ ውሃ የተጨነቀ ጡንቻን ያፍታታል፤ ቀዝቃዛ አምቦም ጥም ይቆርጣል። በጎልማሳነት የሚመጣው ዋናው አደጋ ግን ሰው ወደ ፍል ውሃ እንዲሄድ የሚያደርግ ስሜት የለውም። ሕዝቡ «ደም ብዛት» የሚለውን ከፍተኛ የደም ግፊት ማለቴ ነው። ልብ ደም ስትገፋ ጤነኛ የደም ቧንቧ እንደ ላስቲክ ይለጠጥላታል። ከዓመታት ጋር ቧንቧው ይደርቃል፤ ጨው፣ ውፍረት፣ ሲጋራና ብዙ መጠጥ ሲጨመሩ ግፊቱ ይንራል። ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም፤ ይሠራል፣ ይስቃል፣ እንጀራውን ይበላል። የመጀመሪያው ምልክት አንዳንዴ ስትሮክ ይሆናል፤ ያውም ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት፣ ልጆች በሚያሳድግበት ዕድሜ።

በ2015 በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆናቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ተለክቶ አያውቅም። የአንድ ሰው የቀን የጨው ፍጆታ በአማካይ 8 ግራም ገደማ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። በነገራችን ላይ፣ ከማዕድን ውሃ ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ጨው ቀንስ የተባለ ሰው ስለሚጠጣውም ነገር ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ሌላ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ሥራ፣ ወጡ ላይ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ አለመልመድ። መለካቱ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቁጥሩ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ መከታተል ያስፈልጋል።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያውን በዕድሜ ለሚበልጡት፦ «በ20 ዓመትዎ በቀን ምን ያህል መንገድ በእግርዎ ይሄዱ ነበር?» ሁለተኛውን ለአባታችሁና ለእናታችሁ፦ «ደም ግፊታችሁን የተለካችሁት መቼ ነው?» የመጀመሪያው ጥሩ ጨዋታ ያመጣላችኋል። ለሁለተኛው «ኧረ እኔ ምንም አይሰማኝም» ከተባላችሁ፣ ነገ አብራችሁ ሂዱና አስለኩ፤ እናንተም ተለኩ።