ከቆጥ እስከ ኪችን ካቢኔት፦ የጓዳችን ዕቃ ታሪክ

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ አንዲት እህታችን፣ «አሁን የገባሁበት ቤት ከድሮው ይሰፋል፤ ሽንኩርት የምከትፍበት ቦታ ግን አጣሁ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን እያንዳንዳችን ስለየራሳችን ማዕድ ቤት ማውራት ጀመርን። ከሲንኩ ጎን ያለችው መከታተፊያ ቦታ በቆርቆሮ፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ፣ በብሌንደርና በትሪ ተይዛ፣ አብዛኞቻችን የምንከትፈው ጭናችን ላይ ሳህን አስቀምጠን ኖሯል።

እናቶቻችን እዚሁ ኡራኤል አካባቢ በአንድ ክፍል ቤት ስድስትና ሰባት ልጅ ሲያሳድጉ፣ ድንገት እንግዳ ቢመጣ ቤቱ ተሰብስቦ ይገኝ ነበር። እኛ ሲንክና ካቢኔት ያለው ማዕድ ቤት ይዘን ዕቃ ለምን ያጥለቀልቀናል? «እነሱ ባለሙያ ነበሩ፣ እኛ ሰነፍን» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይመስለንም። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደን የጓዳችንን ታሪክ እንይ።

በድሮው ቤት መከታተፊያ ጠረጴዛ የሚባል ነገር አልነበረም። ሴቲቱ ዱካ ላይ ተቀምጣ ከምድጃው አጠገብ ትሠራለች። ሥራው መሬት ላይ ስለሆነ ዕቃው መሬት ላይ መከማቸት አይችልም፤ ከተከማቸ መቀመጫም መላወሻም የለም። ስለዚህ ሰፌዱ፣ ወንፊቱና ሌማቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚፈለገው ቆጥ ላይ ይወጣል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም የምናውቀው ለሌላ ምክር ነው። ግን ቤቱ እንዴት ይደራጅ እንደነበርም ይነግረናል። ቆጥ የሩቅ ቦታ ነው፤ ብብት የቅርብ። የዕለቱ ዕቃ በእጅ፣ የዓመቱ ዕቃ በላይ።

በትልልቅ ቤቶችም ሥርዓቱ ያው ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤቱን፣ እንጀራ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱንና ዕቃ ቤቱን ለየብቻ አደራጅቶ ለየሥራው ኃላፊ ሾሞ ነበር። በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ ቶሎ ይገባናል። ዕቃ የሚጠፋውም የሚዝረከረከውም ባለቤትና ቦታ ሲያጣ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት በጣሊያንኛ ምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ ሕዝቡ ካዛንቺስ አለው። የብዙዎቻችን ወላጆች የኖሩት ግን በእነዚያ ሳይሆን በዙሪያቸው በበቀሉት የጭቃ ቤቶች ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ዝቅ ያለው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ እኛም የቀበሌ ቤት ልጆች ሆንን። አንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት። ጭሱ፣ ወረፋውና አንዳንዴም ጭቅጭቁ ዛሬም አይረሳንም። ያን ኑሮ ልናሞግሰው አንፈልግም። ነገር ግን ዕቃን በተመለከተ አንድ ነገር ይሠራ ነበር። ምጣዱ በተራ ይጣዳል። ሙቀጫው አንድ ቤት ይቀመጣል፤ ሁሉም ግን ይወቅጥበታል። ብረት ድስቱ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው፣ አግዳሚ ወንበሩና ድንኳኑ በእድሩ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ይኖራል። ሐዘን ወይም ሠርግ ሲመጣ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። የጎደለው ይከፈላል። እናቶቻችን ቤታቸው የሰፋው ዕቃ ስለጠላቸው አልነበረም። ትልቁን ዕቃ ጎረቤት ስለያዘላቸው ነው።

በሌላው ዓለም ያለው መንገድ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ ቤቶች አንድ ማዕድ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው፤ መነሻ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ የባቡር ምግብ ቤት ማብሰያ ክፍል ነበር። የሴቶችን እርምጃና ጊዜ አስልታ፣ ስኳሩ፣ ሩዙና ሌላው እህል ስሙ በተጻፈበት የብረት መሳቢያ እንዲገባ፣ ዱቄቱ ደግሞ ተባይ እንዳይደፍረው በኦክ እንጨት መሳቢያ እንዲቀመጥ አደረገች። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ተሠራ፤ ዛሬ የምናየው የኪችን ካቢኔት ከዚያ ዘር ነው። በኋላ ግን አንድ ወቀሳ ተነሣበት። ማዕድ ቤቱ የሚበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ስለነበር ሴቲቱን ከቤተሰቡም ከጎረቤቷም ነጥሎ ዘጋባት ተባለ። ይህ ወቀሳ ለእኛ የሩቅ አይደለም።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ እኛም ዕጣ እየወጣልን፣ ወይም ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ምትክ እየተሰጠን ሄድን። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ የቀሩት ጎረቤቶቻችን በአጭር ጊዜ ተበታተኑ። አዲሱ ቤት የራሱ ሽንት ቤት፣ የራሱ ቧንቧ አለው፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ግን ሙቀጫው የሚገኝበት ጎረቤት የለም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ብሌንደር ገዛን። ምጣድ በተራ የምንጥድበት ግቢ ስለሌለ እያንዳንዳችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። እድሩ ሩቅ ስለሆነ ትልቁን ድስት፣ ሁለት ደርዘን ብርጭቆና ሦስት ትሪ ገዛን። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካኑ ተደረደረ። ነገ ምን እንደሚጠፋ ስለማናውቅ የወተት ቆርቆሮውን፣ ሃይላንዱንና ፌስታሉን አንጥልም። ይህ ሁሉ ተደምሮ መከታተፊያዋ ላይ አረፈ። እኛ እንደምናየው፣ ካቢኔታችን ላይ የተቆለለው የተበተነው ጎረቤታችን ነው።

ይህ ከገባን መፍትሔውም ሣጥንና መደርደሪያ መግዛት ብቻ አይሆንም። በአንዳችን ቤት ሞክረን ያገኘነውን እናካፍላችሁ። መጀመሪያ መከታተፊያው ላይ ያለውን ሁሉ አውርደን እንደ ዓመት መዝጊያ ቆጠራ በወረቀት መዘገብን። በየቀኑ የሚነሣው ከግማሽ በታች ነበር፤ እሱን ብቻ መለስን። በሳምንት አንዴ የሚፈለገው ካቢኔት ውስጥ ገባ። ሰፌዱና ወንፊቱ እንደ ድሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በርበሬው፣ ሽሮውና ምስሩ ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ገብተው ስማቸው ተጻፈባቸው። ይህም ልጆቹና አባወራው «የት ነው?» ብለው እንዳይጠሩን ረዳን፤ መመለሱም የእኛ ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ። ጀሪካኑን ግን አልነካንም። ውኃ በፈረቃ እስካለ ድረስ እሱ ዝርክርክነት ሳይሆን ኑሮ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ቦታ ሰጠነው።

የቀረው የዓመቱ ዕቃ ነው፤ ትልቁ ድስት፣ ትርፉ ትሪና ብርጭቆ፣ የቆጡ ዕቃ። አዲሱ ቤት ቆጥ የለውም። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል በኮሚቴው በኩል ብንጠይቅ፣ እያንዳንዳችን የምናዋጣውን ዕቃ በስም መዝግበን፣ በፊርማ እያወጣን በፊርማ ብንመልስ፣ የእድሩን ዕቃ ቤት እንደገና እናቆመዋለን። መዝገቡን መያዝ የለመድነው ሥራ ስለሆነ በነጻ እንይዛለን።

ያቺ እህታችን ስንለያይ የእናቷን ትልቅ መሶብ አነሣች። ቦታ የለውም፣ መጣሉ ደግሞ ሆዷን ባር ባር ይለዋል። ሰጥታ መለያየት ወይም አልጋ ሥር ከትታ ማበስበስ የለባትም። መዝገቡ ሲከፈት አንደኛው መስመር ላይ የሚሰፍረው የእሷ መሶብ ይሁን፤ በፋሲካ ሁላችንም እንቀርብበታለን።