ጠያቂዋ ራሷ ታማ የዳነች ስትሆን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ጠያቂ ነው። በአገራችን የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም። ብርቱካን ተይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይባላል፣ አንዳንዱም ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። የጡት ካንሰር እንዳለባት የተነገራት እናት ግን ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንዲት ሴት ትናፍቃለች፤ «እኔም ታምሜ ነበር፣ ይኸው አለሁ» የምትላትን።

ይህች ሴት በሆስፒታል ውስጥ ቦታ ያገኘችው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቴሬዝ ላሰር የተባለች የኒውዮርክ ነዋሪ በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተወገደ። የዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ነው፤ ጡትን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት እጢዎችን ጭምር ያነሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ክንድ እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ፀጉር ማበጠር እንኳ ሥራ ይሆናል። ላሰር እጇን እንዴት እንደምታፍታታ፣ ከልብሷ ሥር ምን እንደምታደርግ፣ ቤቷ ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ራሷ ጠያቂ ሆነች። የላስቲክ ኳስ፣ ገመድና ለጊዜው በጡት ምትክ የሚደረግ ትራስ ይዛ አዲስ ታካሚዎችን መጎብኘት ጀመረች። ኳሱና ገመዱ ክንድን ለማፍታታት ነበሩ። ሐኪም ያልሆነች ሴት በሽተኛ አልጋ አጠገብ መቀመጧን ሁሉም ሐኪም አልወደደውም። (እኛ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ቅናት አያጣንም።) ሥራዋ «ሪች ቱ ሪከቨሪ» ተባለ። በ1969 የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የራሱ ፕሮግራም አደረገው፤ ቆይቶም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻገረ።

እኛ አገር ይህንን ትምህርት ያገኘነው በኤችአይቪ ዘመን ነው። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ተሰባስበው በ1998 እ.ኤ.አ. ተስፋ ጎህን ሲመሠርቱ፣ ፊታቸውን አሳይተው «እኛም አለብን» ማለታቸው ብዙ ሰው ከተደበቀበት አወጣ። በካንሰር በኩል ደግሞ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተመሠረተ። አባት እንጂ ታማሚ አልነበሩም፤ ነገር ግን በሽታው በቤታቸው አልፏል። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ የሰው አገር ሆስፒታል ደጅ ማደር ምን እንደሆነ አስታማሚ ያውቃል።

አሁን ወደ ካራ እንምጣ። ከደብረ ብርሃንና ከሰንዳፋ የሚመጣ ታካሚ አዲስ አበባ የሚገባው በዚያ ነው። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ስንቷ እናት በዚህ መንገድ ተመላልሳለች! ካራ ላይ ሕክምናዋን የጨረሰች አንዲት ጎረቤት ብትኖር ምን ትላታለች? «ቀዩን መድኃኒት ስትወስጂ ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ፀጉርሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይረግፋል፣ ተመልሶም ይበቅላል። ኪሞ ላይ እያለሽ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ግን እስከ ነገ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።» ሐኪሙም ይህንኑ ይነግራታል፤ ከጎረቤቷ ስትሰማው ግን ይገባታል።

የክንድ ነገርም አለ። በእንጦጦ ተዳፋት የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ የኖረች ሴት፣ የብብት እጢዎቿ ከተነሱ በኋላ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ቀድሞ «ከባድ ነገር በጭራሽ አታንሺ» እንል ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በክትትል፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ክብደት ማንሳት እብጠቱን እንደማያብስ አሳየ። ይህ ማለት በማግስቱ ሸክም ይጀመራል ማለት አይደለም፤ ክንዱ ከከበደ ወይም ካበጠ ቶሎ መታየት አለበት።

ፀበልንም ሳላነሳ ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። በእንጦጦ ማርያም ፀበል የኤችአይቪ ሕሙማን በብዛት ሲጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ፀበሉና መድኃኒቱ አይጋጩም ብለው አስተምረዋል። ለጡት ካንሰርም ያው ነው። የሚጎዳን ፀበሉ አይደለም፤ እብጠቷ ትንሽ ሳለች ቀጠሮ ትቶ ሄዶ ቁስል ከሆነች በኋላ መመለስ ነው። «ተጠመቅሁም፣ ኪሞዬንም ጨረስሁ» የምትል ሴት እዚህ ላይ ከእኔ በላይ ትሰማለች።

ታዲያ አንድ ድንበር አለ፤ የላሰር ጠያቂዎችም ስለ ሕክምናው ራሱ አይመክሩም ነበር። የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ ታሞክሲፈን ለ5 ዓመት ትውጣለች፣ ለሌላዋ ምንም አይጠቅማትም። «እኔ ይህን ወስጄ ነው የዳንሁት፣ አንቺም ውሰጂ» ከተባላችሁ ፍቅሩን ተቀበሉ፣ መድኃኒቱን ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

እንዲህ ያለች ሴት በአካባቢያችሁ ካላወቃችሁ፣ በቀጠሯችሁ ቀን የካንሰር ክፍሏን ነርስ ጠጋ ብላችሁ «ሕክምናዋን ጨርሳ ልታነጋግረኝ ፈቃደኛ የሆነች እናት ትኖር ይሆን?» በሏት። ስልኳን ራሷ ፈቅዳ ትስጣችሁ እንጂ ከመዝገብ አይወሰድም።