«ካሊበር» ወይስ «የሚጎርሰው ጥይት»? ለልጅ የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃ ከሚለው ሐረግ የተነሣ የቃላት ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ለአዳኞች በሚዘጋጁ መመሪያዎች ውስጥ የማይታለፍ አንድ ርእስ አለ። ይኸውም አባት ለልጁ የመጀመሪያውን የ«ዲር» ማደኛ ጠመንጃ ሲገዛ የትኛውን «ካሊበር» መምረጥ ይገባዋል የሚለው ነው። ርእሱ ለአገራችን ኑሮ እንግዳ ቢመስልም፣ በዚያ አህጉር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለሆኑ፣ አንድ ቀን ወደ አማርኛ መመለሱ አይቀርም። ተርጓሚው ብዕሩን ሲያነሣ ግን በዚህች አጭር ሐረግ ውስጥ ሁለት ጉድጓዶች ይጠብቁታል፤ አንደኛው የእንስሳው ስም ነው፣ ሁለተኛው «ካሊበር» የተባለው ቃል ነው። በሁለተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለምና።

ከእንስሳው እንጀምር። በኢትዮጵያ ምድር «ዲር» የለም። በአፍሪካ ውስጥ ከዚህ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ጫካዎች ያለው ብቻ ነው። የ«ዲር» ወንድ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል፤ የእኛ አጋዘን ቀንድ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉም አይረግፍም። ይህ ልዩነት እያለ «ዲር»ን «አጋዘን» ብሎ መፍታት ልማድ ሆኗል። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በበኩላቸው በመዝሙረ ዳዊት «ዋላ»ን መርጠዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ሰባት የዱር እንስሳት በተርታ ስለሚጠሩ፣ በየአገሩ ያለ ተርጓሚ ተርታውን የሞላው በሚያውቃቸው እንስሳት ነው፤ ለዚያ ዓላማ በቂ ነበር። በአንጻሩ የእኛ ቃል ወደ ውጭ የወጣበት ጊዜም አለ፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለአንድ የሣር ሜዳ እንስሳ በሰጠው ሳይንሳዊ ስም ውስጥ «ቦሆር» የሚለውን የአገሬውን ስም እንዳለ አስገብቶታል።

ለጠመንጃ መራጭ ግን ዋናው ነገር ቀንዱ ሳይሆን ክብደቱ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አውራ መንገድ አጠገብ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የዘንገና ሐይቅ ዙሪያውን ደን ከቦታል። በዚህ በአዊ ደጋ የሚኖር ሰው ሚዳቋን ከድኩላ ለመለየት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ሚዳቋ ከ20 ኪሎ ግራም ብዙም አታልፍም፤ ወንድ ድኩላ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል፤ ወንድ አጋዘን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በአሜሪካ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጅራት «ዲር» በአመዛኙ ከድኩላ በለጥ፣ ከአጋዘን ደግሞ በብዙ ያንሳል። እንግዲህ መመሪያው «ለዚህ እንስሳ ይህ ቀላል ጥይት ይበቃል» ሲል ተርጓሚው «አጋዘን» ብሎ ቢጽፍ፣ አማርኛ አንባቢ በዐይነ ኅሊናው የሚያየው እጥፍ የሚበልጥ አውሬ ነው፤ ምክሩም ስሕተት ይሆናል። በእኛ አስተያየት «ዲር»ን እንዳለ አስገብቶ «ከድኩላ ከፍ የሚል» ብሎ አንድ ጊዜ ማብራራት ይሻላል።

አሁን ወደ «ካሊበር» እንሻገር። ቃሉ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ የገባው በጣሊያንኛ በኩል ሲሆን፣ መነሻው «ቃሊብ» የሚለው ዐረብኛ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። (በአማርኛ «ቀልቡ ተገፈፈ» ስንል የምንናገረው «ቀልብ»ም ከዚያው ከዐረብኛው ቀ-ለ-በ ሥር የመጣ መሆኑን በጨዋታ ላይ እንጥቀሰው።) ቃሉ አማርኛ ያልገባው ለምንድን ነው? መልሱ በጦር መሣሪያ ታሪካችን ውስጥ ይገኛል።

«ነፍጥ» የሚለው ስም በዐረብኛ የሚነድድ ዘይትን፣ ኋላም ባሩድን ከሚያመለክተው «ነፍጥ» የመጣ ነው። የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በዓፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ከግብፅ የሸሸ አንድ ሰው ይህንኑ የእሳት ዘይት በንጉሡ ቤት እንዳስተማረ ጽፏል። «ጠመንጃ» ደግሞ በቱርክኛ ሽጉጥን የሚጠራ ቃል ሲሆን፣ ወደ እኛ ሲደርስ ረጅሙን መሣሪያ መጥሪያ ሆነ። ቃላት ድንበር ሲሻገሩ እንዲህ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ። በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ፖርቱጋላውያንም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የነበሩት ነፍጠኞች የተሸከሙት ከአፉ የሚጎርስ መሣሪያ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከአፉ የጠበበውን ሁሉ ይጎርሳል፤ እርሳሱን እዚያው ማቅለጥ፣ ሲጠፋ ጠጠር ወይም ምስማር ማግኘት ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በጥይት ፈንታ የሻማ ቁራጭ አጉርሶ ጋሻ እንደበሳ ራሱ ተርኳል። ይኸው ሰው በዓመቱ ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄድ በአገው ምድር አልፏል። ሻማ በሚጎርስ ጠመንጃ ዘመን «ካሊበሩ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከኋላ የሚጎርሰውና ቀለህ ያለው ጥይት ሲመጣ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ በእኛ ሰው አንደበት «ሰናድር» ሆነ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብፃውያን ብዙ ሬሚንግተን ተማረከ። ቀጥሎ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣችው «ፉዚ ግራ» መጣና «ውጅግራ» ተባለ፤ የ1886ቱ ለበል «ለበን»፣ ከቤልጅግ የመጣው ማውዘር «በልጅግ»፣ ከሩስያ የመጣው «መስኮብ» ተባሉ። «ምንሽር»ንም ከማንሊኸር ስም ጋር ያገናኙታል።

እነዚህን ስሞች ብዙ ሰው የተበላሸ የውጭ ቃል አድርጎ ያያቸዋል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሰናድር 14.7 ሚሊ ሜትር፣ ውጅግራ 11፣ ለበን 8፣ የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5፣ በልጅግ ብዙውን ጊዜ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ተኳሹ ቁጥሩን አያውቀውም፤ ሆኖም «የውጅግራ ጥይት» ሲል የአፈሙዙን ስፋት፣ የቀለሁን ርዝመት፣ የባሩዱን መጠን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ተናግሯል። ዐድዋ በዘመተው ጦር ውስጥ ልዩ ልዩ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥይቱን ከጎረቤቱ ሊበደር የሚችለው በዚህ ስም አማካይነት ነበር። በ1933 ዓ.ም. የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ጣሊያንን ከዳንግላና ከእንጅባራ ባስለቀቁ ጊዜ፣ የእንግሊዙ 7.7 ሚሊ ሜትርና የጣሊያኑ 6.5 ሚሊ ሜትር በአንድ ሸንተረር ላይ ተገናኝተዋል። ጥይቱን ያሳሳተ ሰው ቢቀናው መሣሪያው አይጎርስለትም፤ ካልቀናው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

አሁን የእንግሊዝኛውን ስያሜ ጠጋ ብለን ብንመለከተው ያልጠበቅነውን እናገኛለን። «ሠላሳ-ዜሮ ስድስት» በሚለው ውስጥ ሠላሳው የኢንች መቶኛ ነው፣ ስድስቱ ግን ጥይቱ የወጣበት ዓመት፣ 1906 እ.ኤ.አ. ነው። «ሠላሳ-ሠላሳ» በሚለው ውስጥ ሁለተኛው ሠላሳ የባሩድ ክብደት ነው። ለልጆች ብዙ ጊዜ የሚመከረውና እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው «243 ዊንቸስተር» ደግሞ የኢንችን ሺኛ ይዞ የፋብሪካን ስም ይጨምራል። እንግዲህ እንግሊዝኛው «ካሊበር» ሲል አንዳንድ ጊዜ የአፈሙዝ ልክ ማለቱ ነው፤ በአደን መመሪያ ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የጥይት ስም ማለቱ ነው። ይህም «ሰናድር» እና «ውጅግራ» ካሉት አባቶቻችን አሠራር ብዙም አይርቅም።

ትጉህ ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንች ለአንባቢው እንዳይከብደው አስቦ «ሠላሳ-ዜሮ ስድስት»ን «7.62 ሚሊ ሜትር» ብሎ ይጽፋል። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን 7.62 ሲባል በአገራችን መጀመሪያ የሚታሰበው የክላሽ ጥይት ነው፤ እርሱም ቀለሁ 39 ሚሊ ሜትር ነው። የሠላሳ-ዜሮ ስድስቱ ቀለህ ከ63 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በስፋታቸው አንድ የሚባሉ፣ በአንድ ጠመንጃ ውስጥ ግን ከቶ የማይገናኙ ናቸው። ትርጉሙን የሚያነበው ሰው ጥይት የሚገዛው ለልጁ መሆኑን ስናስብ፣ እንዲህ ያለውን ስሕተት የአጻጻፍ ጉድለት ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

ምን ይባል? በመጀመሪያ ያሰብነው ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀውን ግስ መጠቀም ነበር። አማርኛ ጠመንጃን የሚያየው እንደሚበላ ፍጡር ነው፤ ጥይት ይጎርሳል፣ ባለቤቱ ያጎርሰዋል። ስለዚህ «ባለ ይህን ያህል ጎራሽ» ማለት የተዘጋጀ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን «አምስት ጎራሽ» የሚለው አነጋገር ቀድሞ ሌላ ሥራ ይዟል፤ በአንድ ጊዜ ስንት ጥይት እንደሚይዝ ይገልጻል። ሁለቱን ማቀላቀል አዲስ ጥፋት ነው። ስለዚህ የምናቀርበው እንዲህ ነው፦ ቃሉ ስፋትን ብቻ ሲገልጽ «የአፈሙዝ ልክ»፤ ጠመንጃው የተሠራለትን ጥይት ሲገልጽ «የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት»፣ ሲያጥር «የጥይት ዓይነት»። የጥይቱ ስም ግን ቁጥሩ ሳይመነዘር፣ ፋብሪካው በቀለሁ ግርጌ እንደጻፈው ይቀመጥ። «ካሊበር»ን እንዳለ እንውሰደው የሚሉ አሉ፤ ብንወስደው የእንግሊዝኛውን ሁለትነት አብረን እንወስዳለን። በተለይም እንደ አዊ ባሉ፣ ብዙ ሰው አማርኛን ከአውኝ ቀጥሎ በሚናገርባቸው አካባቢዎች፣ በራሱ የማይፈታ ቃል ይበልጥ ይጎዳል።

ስለ ልጁ የቀረን ነገር አለ። ውጅግራ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ እርሳሱም 25 ግራም ገደማ ነበር፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ቁመት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የ«243» እርሳስ ብዙውን ጊዜ ከ6 ግራም ተኩል አያልፍም፤ ለልጅ የሚመከረውም ትከሻን የሚገፋበት ኃይል ቀላል ስለሆነ ነው። ልጅ ከመጀመሪያው ተኩስ የሚማረው ፍርሃት ከሆነ፣ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን መጨፈን ይለምዳል። መመሪያዎቹ ለዚህ ጠባይ የተለየ ቃል አላቸው፤ እኛ «መሸማቀቅ» ብንለው ይበቃል፣ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

በአገራችን ሕፃን በራሱ ስም የጦር መሣሪያ ፈቃድ አያወጣም። የዱር እንስሳት አደን በ1937 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 61፣ በኋላም በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 541 ተደንግጓል፤ የጦር መሣሪያውን ጉዳይ የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛዋል። በዘንገና ዙሪያ ያለው እረኛ በማማ ላይ ሆኖ አዝመራ የሚጠብቅበት የመጀመሪያ መሣሪያው ወንጭፍ ነው። ለወንጭፍ የሚስማማው ድንጋይ እንደ ልጁ ክንድ ይለያያል፤ ይህን ልክ የሚጠራ አንድ ቃል በአማርኛም ሆነ በአውኝ ካለ፣ በሚቀጥለው የቃላት መሰብሰቢያ ጉዞ ከእረኞቹ ጠይቀን በመዝገባችን ማስገባት ይኖርብናል።