መልክአ ምድርና ታሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት በሥዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሐይቁና ከተማው፣ በመካከሉም የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድነት ይታያሉ፡፡ ሠዓልያን እንዲህ ያለውን ዕይታ በሸራ አስፍረው በባህል አዳራሽና በመሳሰሉት ስፍራዎች ሲያቀርቡ በምእመናን ልብ አንድ ጥያቄ ይነሣል፡፡ ቤተ ክርስቲያንን የሚያሳይ ሥዕል ሁሉ ቅዱስ ሥዕል ነውን? በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነትና የመልክአ ምድር ሥዕልን ጥቅም እንመለከታለን፡፡

ፍጥረት በቅዱሳት ሥዕላት

ፍጥረትን በቤተ መቅደስ መሣል እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ንጉሥ ሰሎሞን በቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ከኪሩቤል ጋር የዘንባባ ዛፍና የፈነዳ አበባ አስቀርጾ ነበር (1ኛ ነገ. 6፥29)፡፡ በቅዱሳት ሥዕላታችንም የቤተ ልሔም ዋሻ፣ የዮርዳኖስ ወንዝና የታቦር ተራራ ይሣላሉ፡፡ ይሁን እንጂ የሚሣሉት ስለ ውበታቸው ሳይሆን ጌታችን በእነርሱ ስላደረገው የማዳን ሥራ ነው፡፡ ቅዱስ ሥዕል በሥርዓት ተሥሎና በጸሎት ተባርኮ ለባለ ሥዕሉ ክብር ይሰገድለታል፡፡

መልክአ ምድርን የሚያሳዩ ሥዕሎች

የመልክአ ምድር ሠዓሊ ግን የሚያሳየን ዓይኑ ያየውን ነው፡፡ እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል በ1823 እ.ኤ.አ. የሳልስበሪን ካቴድራል ከዛፎች መካከል ሲሥል ከበላዩ ጥቁር ደመና አኖረ፡፡ ያሠራው ጳጳስ ግን ደመናውን ስላልወደደው ጥርት ያለ ሰማይ ፈለገ፡፡ ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔም ከ1892 እስከ 1894 እ.ኤ.አ. የሩዋንን ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ ሥሏል፡፡ ትኩረቱ በድንጋዩ ላይ በየሰዓቱ የሚለዋወጠው ብርሃን ነበር፡፡

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1805 እ.ኤ.አ. መጥቶ የአክሱምን ሐውልት ከአካባቢው ጋር ሥሏል፡፡ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ፡፡ ስለዚህ ዘመናዊው አሣሣል ከቤተ ክርስቲያን ጥበብ ፈጽሞ የተለየ አልነበረም፡፡

ለምን ይጠቅሙናል?

ሕንፃ ይፈርሳል፣ ይቃጠላል፡፡ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ያያት የአክሱም ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚያው ክፍለ ዘመን በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ጠፍታለች፡፡ ስለ ቀድሞ መልኳ ዛሬ የምንረዳው እርሱን ከመሰሉ የዓይን ምስክሮች ጽሑፍ ነው፡፡ የአዲስ አበባው ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ ታድሷል፤ የእነ አፈወርቅ ተክሌ ሥራም በውስጡ ይገኛል፡፡

በእኛ ዘመን ደግሞ ጠላት ሳይመጣ፣ በመልካም አሳብ፣ ለአዲስ ሕንፃ ሲባል የሚፈርሱ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፡፡ የሣር ክዳኑ፣ የጭቃው ግድግዳ፣ የጽዱ አጸድ አንድ ጊዜ ከጠፉ አይመለሱም፡፡ ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ነባሩን ከመንካታቸው አስቀድመው ባለሙያ እንዲያማክሩ፣ ሕንፃውንም ከነአጸዱ እንዲያሥሉት፣ ፎቶግራፍ እንዲያነሡትና እንዲያስለኩት አደራ እንላለን፡፡

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያንን ሕንፃ የሚያሳየው የመልክአ ምድር ሥዕል መታሰቢያና የታሪክ ምስክር እንጂ የሚሰገድለት ቅዱስ ሥዕል አይደለም፡፡ በቤታችን በክብር ልንሰቅለው እንችላለን፤ በጸሎት ስፍራችን ግን የቅዱስ ሥዕልን ቦታ አይተካም፡፡ ሥዕሉን አይተን ከማድነቅ አልፈን ወደ ተሣለው ደጅ ለጸሎት ብንገሠግሥ ጥቅሙ እጥፍ ይሆንልናል፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡